ሦስተኛው መስመር

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ናፍቆት ያዘለ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ጆሮዎ፣ ሱቁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሥራም ደኅና ነው።

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። እንዳልደውል ባለፈው ስልክ ላይ ስንጯጯህ ጎረቤት የተጣላን መስሎት ሊያስታርቀን መጥቶ ነበር ብለውኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ጓደኛዬ ነው። እንደ እኔ ፕሮግራመር ነው። እዚህ ኪራዩ አናቱ ላይ ወጥቶበታል። ከደመወዙ እኩሌታው ለአንዲት ክፍልና ለአንድ መስኮት ይሄዳል፤ መስኮቱም የሚያሳየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። እኛ ከተማ፣ ማለቴ እናንተ ከተማ፣ ፈጣን የኢንተርኔት መስመር ገብቷል፣ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች መምጣት ጀምረዋል፣ ኑሮው ግን ገና አልተወደደም ሲባል ሰምቶ ልቡ ተነሥቷል። ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ እዚያ ሆኖ ቢሠራ ይሻለው እንደሆነ ጠይቅልኝ አለኝ።

የክፍል ኪራይ ስንት ነው? መስመሩ የእርስዎ መንገድ ላይ ደርሷል? ከሁሉ በላይ ግን መብራት። ሊይዘው ያሰበው ሥራ የማይቋረጥ ነው፤ አሠሪዎቹ በወር ከሁለት ሰዓት በላይ መብራት የሚጠፋበት ቦታ ለሚኖር ሰው አይሰጡትም። እባክዎ ለአንድ ወር መብራቱ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ይመዝግቡልኝ። ከእርስዎ በላይ የማምነው መዝጋቢ የለኝም። ሰውየው ኑሮውን የሚያቆመው በዚያች ወረቀት ላይ ነው።

ለጎረቤት ባይነግሩብኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሽቦው፣

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ሰላም ይሁንልህ። እኔ በዕድሜዬ ልክ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፣ ጆሮዬ ትንሽ ደክሟል፣ ምላሴ ግን እንደምታውቀው ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደስ አለኝ። በሁለተኛው «እርስዎ» ማለትህን አየሁ። ከዘጠኝ ዓመትህ ጀምሮ እኔን አንቺ እያልክ ነው ያደግኸው። እርስዎ ያልከኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ የደንበኛ ራዲዮን ፈትተህ መግጠም ያቃተህ ዕለት፣ አንዴ ደግሞ መስታወቱን ሰብረህ በድመት ያሳበብክ ዕለት። አሁን ምን ሰበርክ? ግድ የለም፣ አልጠይቅህም።

ለጓደኛህ የሚሆነውን ልንገርህ። አሮጌው የዘይት ፋብሪካ ታድሶ ቢሮ ሆኗል። አዳራሹን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የደፉ ልጆች ሞልተውታል። ጎን ለጎን ተቀምጠው እርስ በርስ ይጻጻፋሉ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔስ ይኸው እየጻፍኩ አይደል? የአንዲት ደኅና ክፍል ኪራይ ጓደኛህ ለመስኮቱ ብቻ ከሚከፍለው ያንሳል። መስመሩን ሊቀብሩ መንገዱን ሦስት ጊዜ ቆፈሩት፤ አንዴ ለመቅበር፣ አንዴ የቀበሩትን ለመፈለግ፣ አንዴ ደግሞ የውኃውን ቧንቧ ስለበጠሱት። አሁን ከሱቁ ደጃፍ ደርሷል።

ሱቁ እንዳለ ነው። ጠረጴዛው፣ የአባትህ ካውያ ያቃጠለው ጠርዝ፣ አንተ በምስማር የጫርከው ቀጫጫ ሰውዬ፣ ሁሉም አለ። የሌለው ደንበኛ ነው። ሰው ዛሬ ራዲዮ አያስጠግንም፣ ጥሎ አዲስ ይገዛል። ደላላው በየሳምንቱ ብቅ እያለ ቦታውን ለስልክ መሸጫ የሚፈልግ ሰው አለኝ ይላል። እስከ ጥር መጨረሻ አስቢበት ብሎኛል። ማሰብ በነፃ ስለሆነ እሺ አልኩት።

መዝገቡን ከነገ ጀምሬ በአባትህ ደንብ እይዛለሁ። ደንቡ ትዝ ይልሃል? ተጠግኖ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሦስት መስመር ነው፦ ያገኘሁት፣ ያደረግሁት፣ ያልቻልኩት። «ሦስተኛው መስመር ባዶ የሆነበት ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ሁሉን ችሎ እንኳ ቢሆን «ሽፋኑ ላይ ያለውን ጭረት ማጥፋት አልቻልኩም» ብሎ ይጽፍ ነበር። የሚያስቀው ግን ሰዉ ይህን እያነበበም ሌላ ጋ አለመሄዱ ነው።

ለጓደኛህ ሰላም በልልኝ። በእንቅልፉ ያወራል ወይ? አንተ ታወራ ነበር።

አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

ውድ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ይኸው አንቺ ብዬሻለሁ፤ ምንም አልሰበርኩም።

ቸኩዬ ስለሆነ አትቀየሚኝ። ከዚህ በኋላ ከታች ባለው አድራሻ ጻፊልኝ። ወደ ሥራዬ የሚቀርብ ቤት አግኝቼ ነው የቀየርኩት።

ጓደኛዬ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ስንት በስንት እንደሆነች ማወቅ ይፈልጋል። ሁለት ጠረጴዛ ትይዛለች? ሶኬቷ ስንት ነው? ጣሪያው አሁንም ያፈሳል? መዝገቡን ደግሞ እንዳለቀ ላኪልኝ። ቀኑ እየደረሰበት ነው። ሌላ አማራጭ የለውም፤ ይህ ካመለጠው ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ደላላውን እስኪ ትንሽ አቆዪው።

ልጅሽ


ኅዳር 30 ቀን

ለሽቦው፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያለህበትን ያሙቅልህ፣ የያዝከውን ይባርክልህ።

ክፍሏ አራት ሜትር በሦስት ናት። ሁለት ጠረጴዛ ትይዛለች፤ ሰዎቹ ካልወፈሩ። ሶኬቷ አራት ነው። ጣሪያውን ባለፈው ዓመት ራሴ ደፍኜዋለሁ፣ ከቆርቆሮው ይልቅ እኔን አታምነኝም እንዴ?

የፖስታ ቤቷ ሴት አዲሱን አድራሻህን አየችና ወረቀት ስባ «ይህን ሰፈር አውቀዋለሁ፣ ወንድሜ ከአምስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ይኖርበት ነበር» ብላ ጽፋ አሳየችኝ። አንተ ግን ወደ ሥራህ ለመቅረብ ነው። እሰየው።

መዝገቡ ይኸው፦

ያገኘሁት፦ ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 20 መብራት የጠፋው ሦስት ጊዜ ነው፤ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ።
ያደረግሁት፦ መጥፋት መምጣቱን በሱቁ አምፖልና በአባትህ ቴስተር አረጋግጬ፣ ሰዓቱን ከግድግዳው ሰዓት ጻፍኩ።

ይህ ለጓደኛህ ይበቃዋል።

ደላላው ባለፈው ማክሰኞ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው ቦርሳውን አባትህ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ግድግዳውን በጣቱ ይነካካል። «ቦታው ተይዟል፣ የወንድሜ ልጅ ሊመጣ ነው» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሰፈሩ በሙሉ አሁን ሽቦው መቼ ነው የሚመጣው እያለ ይዞኛል። ፀጉር አስተካካዩማ ጠጉሩን እኔ ነኝ የምቆርጠው ብሎ ቀን ሊያስይዝልህ ነው። ምን ልበላቸው? መልሱን አንተ ታውቀዋለህ ወይስ ጓደኛህ?

አክስትህ


ታኅሣሥ 21 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ጓደኛ የሚባል ሰው የለም። አንቺ ከመጀመሪያው አውቀሻል፣ እኔም ማወቅሽን አውቄያለሁ። ሁለታችንም እያወቅን ስንጻጻፍ ውሸቱ ውሸት መምሰሉን ተወ።

ከሥራ ከወጣሁ ስምንት ወሬ ነው። በሚያዝያ አንድ ሰኞ ጠዋት የመግቢያ ካርዴን በሩ ላይ ሳስጠጋ አልከፍት አለ። ቆሽሾ ነው ብዬ በሸሚዜ ጠርጌ ደገምኩት። ጠባቂው አየኝና ፊቱን ዞር አደረገ። ከአርባ ሰው ጋር በአንድ ኢሜይል ተሰናብቼ ኖሯል፤ ኢሜይሉን ያነበብኩት እዚያው በር ላይ ቆሜ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረችውን ኩባያዬን በፌስታል አድርገው አመጡልኝ። ላለቅስ ነበር ግን ጠባቂው አፈረ፣ ለእሱ ስል ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ መቶ ስድሳ ቦታ አመልክቻለሁ። የፖስታ ቤቷ ሴት ያለችው ልክ ነው፣ የምንኖረው ስድስት ሆነን ነው። ስልኬንም አቋርጫለሁ።

አሁን ግን አንድ በር ተከፍቷል። በአምስት ከተሞች የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል ድርጅት አለ። ሰው ሲደውል የትኛው መኪና እንደሚቀርብ የሚመርጠው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙን የሚጠብቅ፣ ሲቆም ወዲያው የሚያስነሣ ሰው ይፈልጋሉ። የትም ሆኖ መሥራት ይቻላል። ክፍያው እዚህ ኪራይ አይሸፍንም፤ እዚያ ግን ሰው በክብር ያኖራል። አንዲት የድሮ ባልደረባዬ አብራኝ ልትሠራ ተስማምታለች። አልጋዋን ሳይቀር ሸጣለች። እኔ ሳስበው ሁለት ሆነን እንጀምራለን፣ ሥራው ሲሰፋ ከዘይት ፋብሪካው ልጆች እንጨምራለን፣ የአባዬ ሱቅ በር ላይ ታፔላ ይሰቀላል።

የድርጅቱ ኃላፊ መዝገብሽን አይታ ተደሰተች። ውሉን የምፈርመው ጥር 25 ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ተውኩት።

ደላላውን አባሪልኝ።

ልጅሽ ሽቦው


ጥር 8 ቀን

ሽቦው፣

ሰላምታውን ዛሬ ዝለለው። አትፈርም።

መዝገቡ ውሸት ነው። እውነተኛው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ ይኸው ገልብጬዋለሁ። ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 20 መብራት የጠፋው ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ነው። በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ሰዓት። ኅዳር 6 ቀን ብቻውን ዘጠኝ ሰዓት ጠፍቷል። ቴስተሩ አልዋሸም፣ ሰዓቱም አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አንተ ጓደኛዬ እያልክ ስትጽፍ እኔ የቢሮ ሥራ መሰለኝ። መብራት ቢጠፋ አንድ ደብዳቤ ቢዘገይ ነው፣ ለዚህች ብለው ልጄን ሊያስቀሩብኝ ነው አልኩ። አምቡላንስ የሚለውን ቃል ሳነብ እውነተኛውን መዝገብ ከመሳቢያ አወጣሁት። እኔ ከወረቀት ላይ ባጠፋሁት ሠላሳ ሰዓት ውስጥ የስንት ሰው እናት ትወድቃለች? የስንቱ ልጅ ስልክ ይዞ ይጮኻል? አርባ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ነገር ስጠግን ኖሬ የሚሠራ ነገር ላበላሽ ነበር።

ለምን ብትለኝ ናፍቀኸኝ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስቀመጥ የሚመጣው ደላላው ብቻ ነው። አንተ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠህ ማየት ፈለግሁ፤ ፈልጌም ዋሸሁ። ሦስተኛውን መስመር ልጽፍ ብዕር አንሥቼ ነበር። አልሄደልኝም። በሁለት መስመር ውሸት ሥር ምን ተብሎ እውነት ይጻፋል? ባዶውን ተውኩት። እንዳታየው ፈራሁ ልበልህ ወይስ እንድታየው ተመኘሁ፣ እኔም አላውቀው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ወዲያው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስልህ እንግዲህ በእኔ ጉልበት ነው። ሰው ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ እንደተቀመጠ ተወውና ደወለልኝ። ስልኩ ተቋርጧል ብሎ በእጁ አሳየኝ። በኢሜይል እንጻፍለት አለ። እኔ ያለኝ አድራሻ የድሮ መሥሪያ ቤትህ ነው፤ ጽፈን ሳንጨርስ ተመለሰብን። ፈጣኑ ፖስታ ከዚህ የሚነሣው በየዐሥራ አምስት ቀኑ ነው፣ እሱም ትናንት ጠዋት ሄዷል።

ስለዚህ ያለችኝ ይህች ናት። ደብዳቤ ዐሥራ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ እሱም ካልዘገየ። እስከ ጥር 25 የቀረው ዐሥራ ሰባት ነው። ቁጠረው። እኔ ስቆጥር ነው ያደርኩት።

ብትቆጣኝ ተቆጣ። ብቻ አትፈርም።

አክስትህ


ጥር 11 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን የምጽፈው መልስሽን ሳላገኝ ነው። ደርሶኝ ሳነበው ድፍረቴ እንዳይከዳኝ ቀድሜ ልናገር።

ሦስተኛው መስመር እንደሌለ ወረቀቱን የከፈትኩ ዕለት አይቻለሁ። እጥፉን ገለጥኩ፣ ጀርባውን አየሁ፣ ፖስታውን አራገፍኩ። የለም። ከዚህ ሱቅ ያለ ሦስተኛ መስመር የሚወጣ ዕቃ እንደሌለ ከእኔና ካንቺ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ መዝገቡ ትክክል አይደለም ማለት ነው አልኩ። ይህን እያወቅሁ ወስጄ ለኃላፊዋ ሰጠኋት። አንቺ ብትዋሺ አንድ ጊዜ ነው፤ እኔ ያንቺን እምነት ይዤ ሌላ ሰው ፊት ዋሸሁበት።

ልጠይቅሽ ብዬ የተውኩት ይህን ነበር። ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ ደግሞ መፈረም አልችልም።

ባለፈው ሐሙስ ኃላፊዋ ና ሥራውን እይ ብላ ጥሪ ወደሚቀበሉበት አዳራሽ ወሰደችኝ። ዐሥራ ሁለት ወንበር፣ ዐሥራ ሁለት ስክሪን፣ መሬቱ ድምፅ እንዳይሰጥ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። አንዲት ጠና ያለች ሴት አጠገብ ተቀመጥኩና ማዳመጫ ሰጡኝ። አንድ ሰው ደወለ። እናቴ ወጥ ቤት ወድቃለች አለ። ድምፁ የልጅ አይደለም፣ ያረጀ ሰው ነው፤ ግን «እማዬ፣ እማዬ» ይላል። ፕሮግራሙ መኪናውን መረጠ፣ ስክሪኑ ላይ አራት ደቂቃ የሚል ወጣ። ሴትዮዋ «እየመጡ ነው፤ ማንኳኳት እንዳይኖርባቸው በሩን ክፍት አድርገውት ይመለሱ፣ እጇን ይያዟት» አለችው። በዚያች አራት ደቂቃ ውስጥ እኔ ያየሁት ያንቺን ወረቀት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ያን ጊዜ ቢቆምና የሚያስነሣው እኔ ብሆን፣ እኛ ሱቅ ደግሞ መብራት ባይኖርስ? ያ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ማዳመጫውን አውልቄ ለኃላፊዋ ነገርኳት። መዝገቡ ሦስተኛ መስመር የለውም አልኳት። ምንም አልገባትም። የአባዬን ደንብ ነገርኳት። ከዚያ ውሉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ደኅና ሁን አላለችኝም።

ባልደረባዬ «አልጋዬን ማን ይመልስልኛል?» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። እውነቷን ነው።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊዋ ጻፈችልኝ። «የሚደብቅ ሰው አልፈልግም፤ አንተ ደግሞ ሦስት ሳምንት ደብቀሃል። ነገር ግን ማንም ሳይጠይቅህ መጥተህ ተናግረሃል» ትላለች። ጥሪውን መጠበቅ አይሆንም። አዲስ የሚሠሩትን ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መፈተን፣ ስህተቱን እየለቀሙ መጻፍ ግን ይቻላል አለች። እሱ መብራት ጠፍቶ ቀኑን ሙሉ ቢቆምም ማንንም አይጎዳም። ክፍያው የዚያኛው እኩሌታ ነው። ለስድስት ወር ሞክሪኝ ብያታለሁ።

የካቲት 28 እነሣለሁ፣ መጋቢት 2 እደርሳለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ፤ መብራቱ ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው? ስንትም ቢሆን እመጣለሁ። ሱቁን ሸጠሽው ቢሆንም እመጣለሁ። እኔን የሚያስመጣኝ መብራቱ እንዳልሆነ ዘግይቼ ነው የገባኝ።

ልጅሽ


ጥር 27 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሽቦዬ፣

እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ።

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። የእኔም ካልዘገየ ሰሞኑን ደርሶሃል፤ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ጥር 25 ሲያልፍ ፈርሟል ብዬ ቁርጤን አውቄ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም። ሰው እገድላለሁ ብዬ ተነሥቼ አላውቅም፣ ገድያለሁ ብዬ ግን ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ፖስታህን ስከፍተው ቸኩዬ የደብዳቤውን ጠርዝ አብሬ ቀደድኩት። አነበብኩና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሳቅሁ። እኔም ሌባ፣ አንተም ሌባ፣ ሁለታችንን የያዘን የሞተ ሰው!

ስለ ልጅቷ አልጋ አዝኛለሁ። እኔ የሸጥኩባት ያህል ነው የተሰማኝ። ልቧ ቢመለስ ክፍሏ ለሁለት ትበቃለች፤ አልጋም ከጎረቤት አይጠፋም። ሳትዋሽ ጻፍላት፤ በወር ሠላሳ ሰዓት ጨለማ እንዳለ ንገራት።

ደላላው ትናንት ያንን ሰውዬ ይዞ መጣ። ሰውየው እንደ ባለፈው ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ቦታ አጣ። ፈርመህ ብትመጣ ጨለማው እንዳይቀድምህ ብዬ ጠረጴዛውን በባትሪ ሞልቼው ነበር። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ስለ ባትሪው ከጠየቅህ ወረቀቱ ይኸው። ሱቁ በር ላይ ከውስጥ ለጥፌዋለሁ፣ ይህ ግልባጩ ነው።

ያገኘሁት፦ መብራቱ የማይታመን ሱቅ፣ ሁለት ጠረጴዛ የምትይዝ ክፍል፣ ግማሽ ሥራ ያለው የወንድም ልጅ።

ያደረግሁት፦ ጋራዥ ከጣላቸው የመኪና ባትሪዎች ስምንት ደኅና ደኅናውን መርጬ አያያዝኩ። ሁለት ላፕቶፕና የኢንተርኔቱን ሣጥን አብሮ ይይዛል። ስድስት ሰዓት ይቆያል ልል ነበር። ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነው።

ያልቻልኩት፦ ዘጠኝ ሰዓት ማድረስ። ለአምቡላንስ አይበቃም፣ ለሙከራ ሥራህ ይበቃል።

ሌላም አለ፤ ለአንተም ለማንም አልጻፍኩትም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጆሮዬ ምንም አይሰማም። ደክሟል ያልኩህ ውሸት ነው፣ ጨርሶ ሄዷል። ራዲዮኖቹን ጣቴን ስፒከሩ ላይ አድርጌ ነው የምሞክራቸው። ባለፈው ወር ዝም ያለ ራዲዮ ተሠርቷል ብዬ ለባለቤቱ መለስኩለት፤ ምስኪን አፍሮ ሳይነግረኝ ወሰደው፤ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ነው ጽፎ ያሳየኝ። ስለዚህ ስትመጣ አታንኳኳ፣ አልሰማህም።

በሩን ክፍት እተወዋለሁ።

አክስትህ